አራተኛው ሰንበት

«ሰንበቱማ የእሱ ነው፤ ለእኔ እሑድ ከሰኞ የባሰ ሰኞ ነው።»

የሚስቱ ድምፅ በመታጠቢያ ቤቷ ጠባብ መስኮት ሲገባ ልብስ ሰፊው አንድ ጉንጩን ተላጭቶ ሌላው ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነበር። ማለዳ ለጸሎት ሲጣደፍ ሳይላጭ ሄዶ ነው፤ ለምሳ እንግዳ ስላለበት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ መስታወቱ ፊት ቆመ። መስኮቷ የምትከፈተው የሕንፃው ኩሽናዎች ሁሉ ጀርባቸውን በሰጡበት ጉድጓድ መሳይ ክፍተት በኩል ነው፤ እዚያ ውስጥ የወደቀ ወሬ ሳይሰማ የሚቀር የለም። ሚስቱ በኩሽናው በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጠች፣ ከላይኛው ፎቅ ልብስ ከምታሰጣው ጎረቤቷ ጋር ነበር የምታወራው። ጎረቤቲቱ «ኧረ አንቺስ ታድለሽ! ባልሽ ቤቱ ይውላል። የእኔው መቼ ሰንበት ያውቅና!» አለች። «ታዲያ ያንቺ አይሻልም? እናንተ ቤት ሁለታችሁም ትሠራላችሁ። እኛ ቤት ሦስት ሰው እንዲያርፍ አንድ ሰው ይሠራል» ብላ መለሰችና ሳቀች። የባሰበት ሳቋ ነበር። ተቆጥታ ብትናገረው ኖሮ እሱም ይቆጣና ይገላገል ነበር፤ ይኼ ግን ሰው ተስፋ ቆርጦ በተወው ነገር ላይ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነው።

ክው አለ። ምላጩን እንደያዘ መስታወቱ ውስጥ ራሱን አፍጥጦ አየና «ውለታ ቢስ!» አለ በሆዱ። ይህን ሰንበት በቤቱ ለማጽናት ምን እንደከፈለ እሱ ነው የሚያውቀው። ከአንድ ወር በፊት ትንሿ ልጁ ትምህርት ቤት የቤተሰቧን ሥዕል እንድትሥል ታዝዛ፣ ሁሉንም ከነፊታቸው ስትሥል እሱን ብቻ ከጀርባው ሣለችው፤ የጎበጠ ጀርባና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ሜትር። የስፌት መኪናው የቆመው ግድግዳውን ታክኮ ስለሆነ ልጅቱ አባቷን እንደምታውቀው አድርጋ ነው የሣለችው፤ አልዋሸችም። በዚያው ሳምንት «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሰንበት ይከበራል!» ብሎ አወጀ። ቅዳሜ ማታ መኪናው ነጭ አንሶላ ይለብሳል፤ ስልኮች አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከተታሉ፤ እሑድ በካውያ ቀጥ ባለ የጠረጴዛ ልብስ ዙሪያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይበላል፤ ከምሳ በኋላ ይነበባል። «ሰንበት ከአዘቦት መለየት አለበት» ስለሚል ምሳው ከአራት ዓይነት አያንስም። ባለፈው ሳምንት ሱሪ አሳጥርልኝ ብሎ ያንኳኳ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ደንበኛው «ሰንበት ነው» ሲባል ሱሪውን አጣጥፎ ማዶ ካለው ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደና በዚያው ቀረ። ልብስ ሰፊው አልተከፋም፤ እንዲያውም ኮራ። ሰንበትን በዋጋ የገዛው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ተላጭቶ ሲወጣ ሳሎኑ ሰላም ነው። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጁ ረጅሙ ሶፋ ላይ እግሩን ሰቅሎ ተጋድሟል። ይህን ልጅ ቤተሰቡ «ጠበቃው» ይለዋል፤ ዳቦ ግዛ ሲሉት እግሩ የሚያመው፣ ቆሻሻ ድፋ ሲሉት ፈተና የሚደርስበት፣ ተከራክሮ ያላሸነፈው ሥራ የሌለ ልጅ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ ደግሞ «ዳኛዋ» ናት፤ ፍርዷን ሰጥታ ይግባኝ አትሰማም። ያችኑ ዳኛ አጠገቡ አስቀምጦ ከምሳ በኋላ እንግዶቹ ፊት የምታነበውን ክፍል ሊያለማምዳት መጽሐፉን ገለጠላት። ለዛሬ የመረጠው የሰንበትን ትእዛዝ ነው፤ ዛሬ የሚመጡት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ናቸውና ቤተሰቡን እንዴት እንደያዘ እንዲያዩለት ይፈልጋል። ልጅቱ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። በሰንበት እንዲያርፉ የታዘዙትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራች፤ የቤቱን ጌታ፣ ወንድ ልጁን፣ ሴት ልጁን፣ ሠራተኞቹን፣ ከብቱን፣ አህያውን፣ ደጁ ያለውን እንግዳ ሳይቀር። ከዚያ ጣቷን ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ፈለገች።

«አባዬ፣ አህያው አለ።»

«አዎ፣ አለ።»

«እማዬስ?»

ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ሳብ አድርጎ አየ። ስንት ዓመት ያነበበው፣ በቃሉ የሚወጣው ክፍል ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን አልፎት ሄዷል። ጠበቃው ከሶፋው ሳይነሣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባልና ሚስት አንድ ስለሆኑ ‹አንተ› ሲል እሷንም ማለቱ ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ጥቂት አሰበችና «አንድ ከሆኑ ታዲያ አንዷ ብቻ ለምን ሽንኩርት ትልጣለች?» አለች። ጠበቃው ይግባኝ ሳይጠይቅ እግሩን ከሶፋው አወረደ። ይህ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ወደ ኩሽና ሄደና በሩ ላይ ቆመ። ኩሽናዋ አንድ ሰው እንጂ ሁለት አትችልም፤ ሁለተኛው ከገባ የመጀመሪያው መውጣት አለበት። አንድ ምድጃ ላይ ሾርባ ይፈላል፣ ሌላው ላይ ሩዝ ተጥዷል፣ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ሁለት ዶሮ ተገንጥሎ ሊጠበስ ይጠብቃል። የዶሮ ዋጋ እንደ ሰው ዕድሜ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የማያውቅ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት እንዲሆን ያዘዘ እሱ ነው። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው፣ አንዱን ጫማዋን አውልቃ፣ ባዶ እግሯን በሌላኛው እግሯ ላይ ደርባ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት የሰው ገላ ሲለካ የኖረ ሰው ነውና ዓይኑ ሜትር አያስፈልገውም፤ የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ለመንደሩ ሁሉ እንዲህ የወረደ ትከሻ የሚያነሣ ኮት ሲሰፋ ኖሯል፤ አናጺው፣ ፖስተኛው፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በእሱ ኮት ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። የሚስቱ ትከሻ መቼ እንደወረደ ግን አያውቅም። ውለታ ቢሱ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ አፈረም።

«በቃ፣ ተዪው» አላት።

«ምኑን?»

«ምሳውን። ሁሉንም። ዛሬ አይበሰልም።»

ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አሞሃል እንዴ? ጋሼ ሊመጡ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራቸውም።»

«ዳቦ አለ። ቲማቲም አለ። እንቁላል እኔ እቀቅላለሁ።»

«ለጋሼ? የተቀቀለ እንቁላል?» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጎረቤት ያወራሁትን ሰምተህ ነው አይደል? ሰምተህ ነው። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው፣ ሆድህ አይባስ።»

«ሆዴ አልባሰም። እውነትሽን ነው።»

ይህን ሲላት እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችው፤ «ስማኝ፣ አንተ ደግ ልትሆን ነው፤ ስድቡ ግን የእኔ ነው። ‹እሱ ሰንበት አከበረ› የሚል የለም። ‹ሚስቱ ሰነፍ ናት፣ እንግዳ ጠርታ እንቁላል አበላች› ነው የሚባለው። ይኸን ታውቃለህ?» አላወቀም ነበር። «እኔው እናገራለሁ» አለ። «ምን ብለህ?» አለችው። ምን ብሎ እንደሆነም አላወቀም፤ ግን ሽርጡን ከወገቧ ላይ ፈታው። በደንብ አድርጎ ፈታው፤ ቋጠሮ ሥራው ነው። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ ጫማዋን እያጠለቀች፤ «ጋሼ ፊት ካዋረድከኝ ግን በዚህ ቤት ሰንበት የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳታነሣ።» «እንዳልሽ» አላት።

ማረፍ ግን እንዲህ ተነሥ ሲሉት የሚነሣ፣ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ሳሎን ሄዳ ወንበር ጫፍ ላይ፣ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው ተቀመጠች። ከኩሽና አንድ ነገር ኳ ባለ ቁጥር ትነሣለች፤ ዳኛዋ ክንዷን ይዛ ታስቀምጣታለች። ባሏ ሾርባውን አጥፍቶ ዶሮዎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያስገባ «ክዳን አድርግበት!» ብላ ጮኸች፤ አደረገበት። አሥራ ሁለት እንቁላል አንድ ድስት ውስጥ ከተተና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሳያውቅ ዝም ብሎ አፈላው፤ አራቱ ተሰነጠቁ። ከጠዋት የተጠራቀመው ዕቃ የጠበቃው ዕጣ ሆነ። ልጁ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ዳኛዋ «ተፈርዷል» አለችው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ልብስ ሰፊውና ልጁ በዚያች ጠባብ ኩሽና ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ፣ አንዱ ቲማቲም ሲከትፍ ሌላው ሳህን ሲያጥብ፣ ልጁ በድንገት «አባዬ፣ ቲማቲሙን እኮ እንደ ጨርቅ ነው የምትቆርጠው፤ መስመር አስምረህ» አለው። ቢያይ እውነት ነው፤ ቁራጮቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ሁለቱም ሳቁ። ከልጁ ጋር መቼ እንዲህ ጎን ለጎን ቆሞ እንደሳቀ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጋሼ መጡ። ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ ሙያውንም ያስተማሩት እሳቸው። ስፌቱ የተጣመመ ቀን ጣቱን በእንጨት ማስመሪያ ይመቱት ስለነበር ዛሬም እሳቸው ፊት ሲቀርብ እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። ኮታቸው አንድ ሽብሽብ የለበትም፤ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት ሰላምታ ከጨረሱ በኋላ ነው። ባለቤታቸው፣ ቤተሰቡ «እትዬ» የሚላቸው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ገቡ። እትዬ ሰው ቤት ሲሄዱ ቦርሳቸው ውስጥ ሽርጥ ይዘው የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ ሰላም ብለው ሳይቀመጡ ኩሽና ይገባሉ፤ ሲሄዱ ደግሞ ኩሽናው ካገኙት ይልቅ ጸድቶ ይቀራል። ዛሬም ሽርጣቸውን እያወጡ ገቡና ጠበቃውን እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ሲያገኙት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? እናትህ የት አለች?» ዳኛዋ ከኋላ መጥታ «ዛሬ ሴት ኩሽና አይገባም፣ እትዬ» አለች። «ማን ከለከለ?» «ትእዛዙ።» እትዬ ሽርጡን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ተመልሰው ወጡና በልብስ ሰፊው ሚስት አጠገብ፣ እንደ እሷው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ገበታው ላይ ሲቀርቡ ጋሼ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አዩ። እንቁላል። ዳቦ። በመስመር የተቆረጠ ቲማቲም። አይብ። ናፕኪናቸውን ዘርግተው ጠበቁ። የሚጠብቁት ነገር እንደማይመጣ ሲገባቸው ቀና አሉ።

«ሌላው ከኋላ ነው?»

«ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

«ሚስትህ ታማለች?»

«ደኅና ናት። እያረፈች ነው።»

«ከምን?»

 ሚስቱ ዳቦዋን እያየች ነው፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። ልብስ ሰፊው እጆቹን ኪሱ ውስጥ አገኛቸው። አወጣቸውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

«ከእኛ ነዋ፣ ጋሼ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰንበት አከብራለሁ ብዬ አራት ሳምንት ሙሉ ያሳረፍኩት ራሴን ነው። ይኼ ምሳ የእኔ እጅ ነው፤ ከጣፈጠም ካልጣፈጠም ስሙ የእኔ ይሁን፤ የእሷ እንዳይሆን።»

ከጋሼ ጎን አንድ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ናቸው፤ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ይስቃሉ። እዚያ ቤት ሲስቁ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ ጋሼ ራሳቸው ዞር ብለው አዩዋቸው። «ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት!» አሉ ጋሼ፤ «አንድ እሑድ ማንም ይችላል። ለሚመጣው እናያለን።» ይህን ብለው እንቁላል አነሡ። ጠንክሯል ብለው አማረሩ፤ ጨው ረስታችኋል አሉ፤ እንዲህ እያሉ አራት በሉ። ልጅቱ ስታነብ አህያው ጋ ስትደርስ ሆን ብላ ቆም አለችና አባቷን አየችው፤ ከዚያ ከራሷ ጨምራ «እማዬም፣ እትዬም» አለችና ቀጠለች። ጋሼ ያልተጻፈ መነበቡን ለማረም ጣታቸውን አንሥተው ነበር፤ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ መልሰው አወረዱት።

ምሳው ሲያልቅ ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ እኩል ተነሥተው እኩል ሳህን አነሡ። «ተቀመጡ!» አለች ዳኛዋ፤ ጋሼ ሳይቀሩ ሁሉም ሳቀ። ሴቶቹ ሶፋው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እትዬ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ አጣመሩት፣ ፈቱት፣ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ከሌለ አቧራ አራገፉ። የልብስ ሰፊው ሚስት ስለ ጉልበቷ ነገረቻቸው፤ እሳቸው ስለ ወገባቸው ነገሩዋት። ስለ ላይኛው ፎቅ ጎረቤት አወሩ፣ ስለ ደረጃው መብራት አወሩ፣ ከዚያ ወሬው እየሳሳ ሄደ። ጋሼ ከወንድማቸው ጋር ስለ ዘንድሮ ጨርቅ ርካሽነት፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ስለሚፈርስ ስፌት እያወጉ ቆይተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዳቸው ተነሡና ባርኔጣቸውን አነሡ። «እንሂድ» አሉ።  ዞር ሲሉ እትዬ ራሳቸውን የሶፋው መደገፊያ ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ገርበብ አድርገው፣ አንዱ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ተኝተዋል።

ጋሼ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «ታማ ይሆን?» አሉ በሹክሹክታ።

«እንቅልፍ ነው፣ ጋሼ» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት።

«በቀን? በቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም እኮ።»

«ማታስ?»

ጋሼ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው አሰቡ።  «ማታ... ቀድሜ የምተኛው እኔ ነኝ» አሉ። «ጠዋት ደግሞ ተነሥታ ነው የማገኛት።»  አርባ አንድ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰው ናቸው። ከሶፋው ፊት ለፊት ያለችውን ወንበር ቀስ ብለው፣ እግሯ ወለሉን እንዳይፍቅ ከፍ አድርገው ስበው ተቀመጡና የሚስታቸውን ፊት ያዩ ጀመር። ልብስ ሰፊው ወንድሙ እንዲህ ዓይነት ዓይን እንዳላቸው አያውቅም ነበር፤ ጨርቅ ሲመረምሩ ካልሆነ በቀር ነገር ላይ ዓይናቸው አይቆይም። ጠበቃው ደረቅ ሳህኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ሳያጋጭ ሲደረድር ይሰማል። የልብስ ሰፊው ሚስት ጀርባዋን እስከ መጨረሻው ሶፋው ላይ ለቀቀችው፤ ጫማዎቿን አውልቃ እግሯን ዳኛዋ ጭን ላይ ሰቀለች። ባሏ ሲያልፍ የሸሚዙን ጫፍ ያዝ አድርጋ ወደ ራሷ ጎተተችው።

«ለሚመጣው እሑድ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እንቁላሉን ከዐሥር ደቂቃ በላይ እንዳታፈላው።»

ሊስቅ ነበር፤ ሰው እንዳይቀሰቅስ ከንፈሩን ነከሰ። የሚያዝዘው ስላልነበረ፣ የሚሰፋውም ስላልነበረ፣ መስኮቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደ እግሮቹ ስትሄድ አየ። ለአንድ ሰዓት ተኩል እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው አንድ ሥራ አልሠራም፤ ይህ በሌላ ቀን ቢሆን ያሳብደው ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ታች መንገዱ ላይ የአንድ መኪና ጥሩምባ ጮኸ። እትዬ ብንን ብለው ዓይናቸውን ገለጡ፤ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ የሰዎቹን ፊት አዩና ደነገጡ። «ውይ፣ ሞት ይርሳኝ! ስንት ሰዓት ሆነ? የአሥር ሰዓት ሻይዎ...» እያሉ የወለቀ ጫማቸውን በእግራቸው ጣት መፈለግ ጀመሩ። የልብስ ሰፊው ሚስት የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ልብስ ሰፊውም አየ። ዳኛዋ ሰዓቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ በእግሯ ጎሸም አደረገቻት። ጋሼ የኮታቸውን እጅጌ ሳብ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን ሸፈኑት።

«ገና ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው ጫማውን ከወለሉ አነሡና ራቅ አድርገው አስቀመጡት። «ገና ነው፤ ተኚ።»